ጥንታዊ የግራናይት አካልን እንዴት መግለጽና መሰየም ይቻላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ ይህን ሙያ ለመልመድ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ እንጦጦም ሆነ ወጨጫ፣ የረርም ሆነ ፉሪ ግራናይት አለመሆናቸውን ነው። እነዚህ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተገኙ፣ በዕድሜም ወጣት የሆኑ ዐለቶች ናቸው፤ ጥንታዊው ግራናይት ያለው በትግራይ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቦረናና በባቢሌ አካባቢ ነው። ሆኖም የዓይን ልምምዱን በከተማዋ ጠርዝ ካሉ የእምነበረድና ግራናይት መቁረጫዎች በሚጣል ቁርጥራጭ መጀመር ይቻላል።

ቁርጥራጩን አርጥበው የተሰበረ ጎኑን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱ። እንደ ብርጭቆ ስባሪ ግራጫ ሆኖ የሚያበራው ኳርትዝ ነው። ሮዝ ወይም ነጭ ሆኖ፣ ድንጋዩን ሲያዘነብሉት ጠፍጣፋ ገጹ ብልጭ የሚለው ፌልድስፓር ሲሆን፣ በቢላ ጫፍ እየተላጠ የሚነሣው ጥቁር ቅጠል ባዮታይት ነው። ከእንጦጦ ድንጋይ ጋር ቢያስተያዩት፣ የዚያ አብዛኛው ቅንጣት በዓይን እንደማይለይ ያያሉ።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ማዕድን ድርሻ ይገምቱ። ኳርትዝንና ሁለቱን የፌልድስፓር ዓይነቶች (አልካሊ ፌልድስፓርንና ፕላጂዮክሌዝን) ብቻ እንደ 100 ቆጥረው ኳርትዙ ከ20 እስከ 60 በመቶ፣ ከፌልድስፓሩም ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ከ10 እስከ 65 በመቶ ከሆነ ዐለቱ ግራናይት ነው፤ የፕላጂዮክሌዙ ድርሻ ከ65 አልፎ እስከ 90 ከደረሰ ግራኖዳዮራይት ይባላል። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋብሮ የሚባል ሌላ ጥቁር ዐለት ስለሆነ የነጋዴን ስም በማስታወሻ ላይ ማስፈር አይገባም።

ተራራው ላይ ሲደርሱ ትልቁ ሥራ ወሰኑን በእግር መከተል ነው፤ በእኔ እይታ ጀማሪዎች ቸኩለው የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ግራናይቱ የከበበውን ዐለት ሰንጥቆ ከገባ ወይም የእርሱን ስባሪ በውስጡ ከያዘ፣ ግራናይቱ ከዚያ ዐለት በኋላ የመጣ ነው። በወሰኑ አካባቢ ማዕድናቱ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው እንደሆነ በኮምፓስ ለክተው ይመዝግቡ። የተጋለጠው ስፋት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከበለጠ ባቶሊት፣ ካነሰ ስቶክ ይባላል። ዕድሜው በዓመት የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ፣ ዚርኮን በሚባለው ደቃቅ ማዕድን ውስጥ ባለው ዩራኒየምና እርሳስ ልኬት ነው።

ስሙ የመጨረሻው ሥራ ነው። ዐለቱ በደንብ ከሚታይበት ቦታ፣ በካርታ ላይ የሰፈረ ስም ይውሰዱና በሌላ የዐለት ክፍል አለመያዙን አጣርተው የዐለቱን ዓይነት ያስከትሉ። አካሉ ከአንድ በላይ የዐለት ዓይነት ከያዘ፣ በትግራይ እንዳለው የነጋሽ ፕሉቶን፣ «ግራናይት» ከማለት «ፕሉቶን» (ከመሬት በታች ቀዝቅዞ የጠነከረ የዐለት አካል) ማለት ይሻላል። ከስሙ ጋር ስሙ የተወሰደበት ቦታ መጋጠሚያ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ የወሰኑ መግለጫና የናሙናው ቁጥር አብረው መታተም አለባቸው።