የዝንብ ልብ ሲያረጅ እንዴት ይጠናል?

ዝንብ ደሞ ልብ አላት እንዴ ለምትሉ፣ አላት፣ ከሆዷ በላይ በጀርባዋ በኩል የተዘረጋች ቀጭን ቱቦ ነች። የፍራፍሬ ዝንብ 2 ወይ 3 ወር ገደማ ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ እርጅናን ለማየት እንደ አይጥ ዓመታት አትጠብቁም።

መጀመሪያ ባንድ ቀን የተፈለፈሉትን ሰብስቡ፣ ወንድና ሴቱን ለዩ፣ 25 ዲግሪ ላይ አስቀምጡና በየ2 እና 3 ቀኑ አዲስ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ አዛውሯቸው፣ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ግማሾቹ ምግቡ ላይ ተጣብቀው ይሞቱበትና ሽማግሌ የሚባል አይተርፈውም። የ1 ሳምንቶቹን ከ5 ሳምንቶቹ ጋር ነው የምታወዳድሩት።

ዋናው ጣጣ ቀዶ ጥገናው ነው። አደንዝዟት፣ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ ሆዷን ክፈቱና አንጀቱን ስቡን ስታወጡ ልቧን እንዳትነኩ በቃ። ኦክስጅን የገባበት ሰው ሰራሽ የዝንብ ደም ውስጥ ካለች ልቧ መምታቱን ይቀጥላል። ትንሽ አሳርፏትና በሰከንድ ከ100 ፍሬም በላይ በሚይዝ ካሜራ 30 ሰከንድ ያህል ቅረጹ።

ከቪዲዮው በምቶቹ መሀል ያለውን ጊዜና ቱቦው ሲከፈትና ሲጨመቅ ያለውን ስፋት በሶፍትዌር ትለካላችሁ፣ ያረጁት ላይ ምቱ ይዘገያል፣ መዛባትም ይበዛል። የሚለካው ሰው ደሞ የቷ ወጣት የቷ አሮጊት እንደሆነች ባያውቅ ይመረጣል።