«ሐሳብ አለኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፦ በስብሰባ የውሳኔ ሐሳብ ስናቀርብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስለ ድንኳን ተወያየን። የአሮጌው ድንኳን ሸራ ሳስቶ ዝናብ ያሳልፍ ነበር። ከሠላሳ በላይ ሰው ተናገረ። አንዱ «ይገዛ» ይላል፣ ሌላው «ይጠገን»፣ ሦስተኛው «እንከራይ»፤ አንዲት እናት ደግሞ «መጀመሪያ ወንበሩ ይሟላ» አሉ። ሰዓቱ ሲገፋ ዳኛው «እንግዲህ ተግባብተናል» ብለው ዘጉት፤ እኔም «በድንኳን ጉዳይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ሐዘን ደረሰ። ዳኛው ግዢ ተፈቅዷል አሉ፣ ገንዘብ ያዡ አልተፈቀደልኝም አሉ። መዝገቡ ተገለጠ፤ በመዝገቡ ላይ ግን የሚያስታርቅ አንድም ቃል አልነበረም። ለቀስተኛው ዝናብ ሲመታው ዋለ።

ያን ቀን ያጣነው ገንዘብም ፍላጎትም አልነበረም። ያጣነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አስተያየትንና የውሳኔ ሐሳብን አንድ ማድረግ

ቋንቋችን ለሁለቱም «ሐሳብ» የሚለውን ቃል ስለሚሰጥ ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። «ሐሳብ አለኝ» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው አስተያየት ሊሰጥ ነው ወይስ ጉባኤው እንዲወስን ሊጠይቅ? ሰብሳቢው መጠየቅ አለበት። በፓርላማ «ሞሽን» ሲባል የምንሰማው ሁለተኛውን ነው፤ ጉባኤው «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብሎ ሊመልስለት የሚችል፣ ተጽፎ የሚነበብ አንድ የውሳኔ ሐሳብ። «የድንኳኑ ነገር ቢታሰብበት» የውሳኔ ሐሳብ አይደለም። «እድሩ ከ80 ሺህ ብር ባልበለጠ ዋጋ አዲስ ድንኳን እስከ ጥቅምት 30 እንዲገዛ፣ ግዢውንም ገንዘብ ያዡና ሁለት አባላት እንዲፈጽሙ» ግን ነው። ማን፣ ምን፣ በስንት፣ እስከ መቼ የሚሉት ሁሉ አሉበት። ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይነገር ሠላሳ ሰው ቢናገር ሠላሳ ወሬ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው የጦር መሐንዲስ ሄንሪ ሮበርት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተብሎ እንዴት እንደሚመራ ባለማወቁ አፈረ፤ ከዚያ የስብሰባን ሥርዓት ሲያጠና ቆይቶ በ1876 ዛሬ ብዙ ማኅበራት የሚሠሩበትን ደንብ አሳተመ። ከዚህ በታች ከምለው ብዙው ከዚያ ሥርዓት የመጣ ነው። የየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሌላ ካለ ግን የሚገዛው እሱ ነው።

ደጋፊን ተስማሚ አድርጎ መቁጠር

ሐሳቡ ሲቀርብ ሰብሳቢው «ደጋፊ አለ?» ይላል፤ ብዙ ሰው ዝም ይላል፣ ምክንያቱም «እደግፋለሁ» ካለ ቃሉ የሚያስረው ይመስለዋል። ደጋፊ የሚፈለገው ጉዳዩን ከአንድ ሰው በላይ ውይይት ይገባዋል የሚል መኖሩን ለማወቅ ብቻ ነው። ደግፎ አስነሥቶ በኋላ ተቃውሞ ድምፅ መስጠት ይቻላል። እኛ ጥያቄውን «ይህ ለውይይት ይቅረብ የሚል ሌላ ሰው አለ?» ብለን ከለወጥን ወዲህ የሚያፍር ሰው ቀንሷል። ከደርዘን በማይበልጥ አነስተኛ ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ደጋፊ ባይጠየቅም ግድ የለም።

ሦስት አማራጭ ደርድሮ አንዴ እጅ ማስወጣት

ከሁሉ በላይ የሚጎዳን ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በቁጥር ላሳይ።

ወርኃዊ መዋጮው 50 ብር ነው እንበል። አንድ አባል «100 ይሁን» ብሎ ያቀርባል። ሌላው «70 ይበቃል» ይላል። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ አይጨመር ይላሉ። ሰብሳቢው «100 የምትሉ? 70 የምትሉ? አይጨመር የምትሉ?» ብሎ ከ90 ሰው 38፣ 30 እና 22 ይቆጥራል። «100 አሸንፏል» ይባልና ይጨበጨባል። ነገር ግን 52 ሰው 100 ብር አልፈለገም! በሚቀጥለው ወር የሚያኮርፈው፣ መዋጮ የሚያዘገየው፣ ከእድሩ የሚወጣው ከእነዚህ ውስጥ ነው።

በሥርዓቱ «100 ይሁን» ዋናው የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ «በ100 ፋንታ 70» ማሻሻያ ነው። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው በማሻሻያው ላይ ነው። አይጨመር ያሉት 22 ሰዎች ከሁለቱ አነስተኛውን ስለሚመርጡ ማሻሻያው 52 ለ38 ያልፋል። ከዚያ የተሻሻለው ዋና ሐሳብ፣ «70 ይሁን» የሚለው፣ ራሱን ችሎ ይቀርባል፤ 68 ለ22 ይጸድቃል። ሰዎቹ ያው፣ ፍላጎታቸውም ያው፤ የድምፁ ቅደም ተከተል ብቻ ተለወጠ፣ ውጤቱም ብዙዎች ሊኖሩበት የሚችሉት ሆነ።

በማሻሻያው ላይ ሌላ ማሻሻያ፣ ለምሳሌ «70 ሆኖ ጡረተኞች በ50 ይቆዩ»፣ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ሦስተኛ መደረብ ግን አይፈቀድም፤ ሰውም መከተል ያቅተዋል። ድምፁ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ነዶ ሲከመር ከታች ይጀመራል፣ ሲወርድ ከላይ ነው።

«አይሁን» የሚል ሐሳብ ማቅረብ

«መዋጮ እንዳይጨመር» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ሲቀርብ የሚደግፈው ጭማሪውን የሚቃወም፣ የሚቃወመው ጭማሪውን የሚደግፍ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ የትኛው ላይ እጅ እንደሚያወጡ ግራ ሲገባቸው አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ሐሳብ በ«ይሁን» ይቅረብ፤ የማይፈልግ «እቃወማለሁ» ይበል።

ዝምታን ስምምነት ማድረግ

«ተቃውሞ ያለው? የለም። በጭብጨባ ጸድቋል።» ይህ የጎጃምን ሰው አለማወቅ ነው። አንድ ትልቅ ሰው «ይሁን» ካሉ በኋላ የልጅ ያህል የሚያዩት ጎልማሳ ተነሥቶ «አይሁን» ለማለት ነውር ይሆንበታል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ያደገ ነው። ሰብሳቢው «የምትደግፉ»፣ «የምትቃወሙ»፣ «ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ ሦስቱንም ጠርቶ መቁጠር አለበት፤ ሁሉም የደገፉ ቢመስልም።

ጉዳዩ ሰውን ከሰው የሚያቀያይም ሲሆን እኛ በባቄላና በሽምብራ አድርገናል። ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይሰጠዋል፤ ባቄላ ይሁን፣ ሽምብራ አይሁን። ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ገንቦ አለ፤ ድምፁን በአንዱ፣ የቀረውን በሌላው ይጥላል። ማንበብ የማይችሉት እናቶች ያለ ማንም እርዳታ ድምፃቸውን ሰጡ። ስንቆጥር፣ በእጅ ቢሆን ኖሮ በሙሉ ድምፅ ያልፍ ነበር ያልነው ጉዳይ ወድቆ አገኘነው።

«ይደር» ብሎ ቀን አለመቁረጥ

ማስተላለፍም ሆነ ለኮሚቴ መምራት ራሳቸው የውሳኔ ሐሳቦች ናቸው፤ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል፣ ቀንም ይፈልጋሉ። «ለሌላ ጊዜ ይደር» ማለት ብዙ ጊዜ መቅበር ነው። በሜጫ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በጥር የውኃ ተራ ጉዳይ «ይደር» ቢባል ስንዴው አያድርም። «ኮሚቴ ይቋቋም» ሲባልም ስንት ሰው፣ ምን አጥንቶ፣ በየትኛው ስብሰባ እንደሚያቀርብ ካልተጻፈ ኮሚቴው ስም ብቻ ነው።

የትኛው «አብላጫ» እንደሆነ ሳያውቁ መቁጠር

90 ሰው ተገኝቶ 40 ቢደግፍ፣ 35 ቢቃወም፣ 15 ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርግ አልፏል ወይስ ወድቋል? ድምፅ ከሰጡት የሚቆጠር ከሆነ አልፏል። ከተገኙት ከሆነ 46 ስለሚያስፈልግ ወድቋል። መልሱ ያለው በመተዳደሪያ ደንባችሁ ነው፤ ከድምፁ በፊት ይነበብ፣ ከድምፁ በኋላ ሲነበብ ጠብ ያመጣል። እኩል ለእኩል ከሆነ ሐሳቡ አላለፈም።

ምልዓተ ጉባኤም እንዲሁ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 ከአባላቱ ከግማሽ በላይ እንዲገኙ ይጠይቃል፤ የብዙ ማኅበራት ደንብም ይህንኑ ይመስላል። የእኛ ስህተት ጠዋት ቆጥረን ቀትር ላይ መወሰናችን ነው። ገበያ የሚሄደው ሄዷል፣ ከብት የሚያጠጣው ወጥቷል። ድምፅ ሊሰጥ ሲል እንደገና ይቆጠር።

ሰው ከሄደ በኋላ የተወሰነን ማንሣት

የተሸነፈው ወገን አዳራሹ እስኪጎድል ጠብቆ «ያን ነገር እንደገና እንየው» ይላል። የሮበርት ሥርዓት ለዚህ ግሩም መዝጊያ አለው፤ በዚያው ስብሰባ ውሳኔው ዳግም ይታይ ብሎ ማቅረብ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» እያሉ ተራ መዝለልም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ጥያቄው ደንብ ሲጣስ ለማስቆም እንጂ ክርክር ለመቀጠል አይደለም። ሰብሳቢው «የተጣሰው ደንብ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ ድምፅ መስጠት

ይህ የእኔ ሥራ ነውና በራሴ ላይ ጥብቅ ነኝ። እጅ ከመውጣቱ በፊት ሐሳቡን ከመዝገቡ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አቅራቢው «እንዲያ አላልኩም» ካለ ያኔውኑ ይታረማል። ስለ ድንኳኑ ዳግም የተሰበሰብን ዕለት ሦስት ጊዜ አረምነው። መዝገቡ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ ድንኳን ከ80 ሺህ ብር ባልበለጠ ዋጋ እስከ ጥቅምት 30 እንዲገዛ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በ61 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞና በ5 ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል።» ከተቃወሙት አንዱ ድንኳኑ የመጣ ቀን ካስማውን ሲመታ ነበር።