ዓሣ የመስኖ ጠለፋን እንዲያልፍ የድንጋይ መወጣጫ እንዴት ይሠራል?

ክረምት ሲገባ ከጣና ነጭ ዓሣ ብዙው ሐይቁን ትቶ ወደ ወንዝ ይወጣል። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል አባይ። እንቁላሉን የሚጥለው ደለል በሌለበት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። መንገዱ ላይ አንድ ሜትር ከፍታ ያላት የመስኖ ጠለፋ፣ ማለትም የወንዙን ውሃ ወደ ቦይ የምትመልስ ግድግዳ፣ ከገጠመችው ግን እዚያው ሥሯ ይከማቻል። ያኔ መረብ ለያዘ ሰው ቀላል ሲሳይ ነው። በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ ከሚባሉት ከእነዚህ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና ውጭ በዓለም የትም የሉም።

ጠለፋው አገልግሎቱን የጨረሰ ከሆነ ማፍረሱ ከሁሉ ይሻላል። ገበሬው የሚጠቀምበት ከሆነ ግን በድንጋይ መወጣጫ ዓሣውም ውሃውም መንገድ ሊያገኙ ይችላሉ።

መጀመሪያ በሐምሌና በነሐሴ ሂዱና ከዳር ሆናችሁ እዩ። ጎርፉ አደገኛ ስለሆነ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ዓሣው የት ይዘላል? የት ይሰበሰባል? ያንን ቦታ ምልክት አድርጉበት። የመወጣጫው በር፣ ዓሣው የሚገባበት የታችኛው አፍ፣ መሆን ያለበት እዚያ ነው።

ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው ብዙ መተላለፊያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ዓሣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ፣ የሚያግደው ነገር እስኪገጥመው ድረስ ይዋኛል። ወደ ኋላ 20 ሜትር ተመልሶ በር አይፈልግም። ስለዚህ ወንዙ ጠባብ ከሆነ መወጣጫውን ከዳር እስከ ዳር ሥሩት፤ ያኔ ዓሣው ሊስተው አይችልም። ወንዙ ሰፊ ከሆነ ግን በአንድ ዳር በኩል አዙራችሁ፣ የታችኛውን አፍ ጠለፋው ሥር አምጡት። ከዚያ አፍ የሚወጣው ውሃም ዓሣውን የሚጠራ፣ ጠንከር ያለ ይሁን።

በበጋ፣ ውሃው ሲቀንስ፣ ከጠለፋው በላይና በታች ባለው ውሃ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለኩ። ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 20 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ውሃው በአንዴ እንዳይወርድ በትልልቅ ድንጋዮች ረድፍ ከፋፍሉት፤ በረድፍና በረድፍ መካከል ዓሣው የሚያርፍበት ገንዳ ይኑር። በአንድ ረድፍ ላይ ያለው ልዩነት ከ15 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ምክንያቱም በ15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ውሃ በሰከንድ ወደ 1.7 ሜትር ይፈጥናል፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ግን ከ3 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ያለውን ፍጥነት ጠንካራ ዓሣ እንኳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚችለው። አንድ ሜትር ጠለፋ እንግዲህ ወደ ሰባት ረድፍ ይፈልጋል ማለት ነው።

ድንጋዮቹን ከታች ጀምራችሁ ደርድሩ። ግማሽ ድረስ ቅበሯቸው፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጎርፍ ይወስዳቸዋል። ቀዳዳውን በትንንሽ ድንጋይና በጠጠር ሙሉት፤ ካልሆነ ውሃው ከሥር ሾልኮ ላዩ ይደርቃል። ዓሣው የሚያልፍበትን የአንዱን ረድፍ ክፍተት ከሚቀጥለው ጋር ፊት ለፊት አታድርጉት።

ጠለፋው አናት ላይ ዝቅ ያለ አፍ ክፈቱ፤ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ በዚያ ይፍሰስ። ይህ የገበሬውን ውሃ ስለሚነካ ሥራው ሳይጀመር የመስኖውን ውሃ ከሚያከፋፍለው የውሃ አባትና ከመስኖ ተጠቃሚዎቹ ጋር ተስማሙ። ግድግዳውን የምትነኩት ደግሞ የወረዳው የውሃ ባለሙያ አይቶ ከፈቀደ በኋላ ነው።

መውረዱንም አትርሱ። ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ቦዩ ይወስዳቸውና ማሳ ላይ ይቀራሉ። የቦዩ አፍ ላይ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ወንፊት አድርጉ፤ ቅጠል ስለሚይዘው ቶሎ ቶሎ ይጠረግ።

በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ግንድና ደለሉን አውጡ። ነሐሴ ላይ ዓሣው አሁንም ጠለፋው ሥር ብቻ ከተከማቸ በሩን አላገኘውም ማለት ነው። በበጋ የታችኛውን ረድፍ ፍቱና ዓሣው ወደሚሰበሰብበት አስጠጉት።