ሳሎኑ ጠበበ ወይስ ዕቃው በዛ? ሳሎንና የመመገቢያ ቦታ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳሎን ሁሉም ነገር የሚሆንበት ክፍል ነው። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ምሳ የሚበላው፣ ቡና የሚፈላው፣ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩት እዚያው ነው። "ቤቱ ጠበበን" የሚሉ ሰዎች ሲያማክሩኝ ከክፍሉ ስፋት በፊት የምጠይቃቸው ዕቃው ለማን ታስቦ እንደተገዛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተገዛው በበዓል ለሚመጣ እንግዳ ነው። በየቀኑ እዚያ የሚኖረው ቤተሰብ ግን በዕቃ መሀል እየተሽሎከለከ ይውላል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ግድግዳ ሳይነካ የሚፈቱ ናቸው። ሜትር ያዙና የራሳችሁን ሳሎን እያያችሁ አንብቡ።

ሰው ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም

ከኩሽና ትሪ ይዛችሁ ስትወጡ አንድ ሰው እግሩን መሰብሰብ ወይም መነሳት አለበት። የሶፋው ክንድ ጫፍ ላይ ጨርቁ ሳስቷል፤ ሁሉም እዚያ ጋ እየታከከ ስለሚያልፍ ነው።

መንስኤው ሁሌም ማለት ይቻላል ሶፋው ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሙሉ የሶፋ ስብስብ ሰፊ ሳሎን ላለው የግቢ ቤት የሚመች ነው። ክንዱን ለኩት። ወፍራም ከሆነ አንዱ ብቻውን 25 ሴንቲሜትር ይይዛል። ሁለት ሶፋ ካላችሁ አራት ክንድ አላችሁ፤ ይህም አንድ ሙሉ ሜትር ነው። ማንም የማይቀመጥበት አንድ ሜትር!

መፍትሄው መንገዱን ማስቀደም ነው። ከመግቢያው በር ወደ ኩሽና፣ ወደ መኝታ ቤትና ወደ በረንዳ የሚወስደውን መንገድ 80 ወይም 90 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ለዩት። በጣም ከጠበበ እስከ 60 መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ በታች ግን ትሪ የያዘ ሰው ይቸገራል። በሶፋውና በሻይ ጠረጴዛው መካከል 40 ሴንቲሜትር ይበቃል። አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በልኩ ጋዜጣ ወለሉ ላይ አንጥፉና አንድ ሁለት ቀን በዙሪያው ተመላለሱ። ጋዜጣውን ከረገጣችሁት ሶፋውንም ትጋጩታላችሁ።

ሶፋ የምታሠሩ ከሆነ ለሠሪው ቁጥር ንገሩት፦ ክንዱ ከ12 ሴንቲሜትር አይብለጥ፣ ከፊት እስከ ኋላ 85 ይሁን፣ እግሩ ከወለል 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ከሥሩ ወለሉ ሲታይ ክፍሉ ሰፋ ይላል፤ መጥረጊያም ይገባል። ኤል ሼፕ የሚባለው፣ ጥግ ላይ የሚታጠፈው ሶፋ ለጠባብ ሳሎን ጥሩ ምርጫ ነው፤ አጭሩ ጎን የበረንዳውን በር የሚዘጋ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ደግሞም ደረጃውንና የቤቱን በር ለኩ። በደረጃው አልዞር ያለ ሶፋ በገመድ ታስሮ በበረንዳ በኩል ሲጎተት ማየት ኮንዶሚኒየም ሰፈር ብርቅ አይደለም። ተነጣጥሎ የሚገጣጠም እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ማንም አይበላም

ጠረጴዛው ላይ ያልተተኮሰ ልብስ፣ ቻርጀርና የትምህርት ቤት ቦርሳ ተቆልሏል። ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሻይ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይበላል። ወገብም ያማል፣ ሶፋውም ወጥ ይጠጣል።

ለዚህ ሁለት መንስኤ አለ። አንደኛው ወንበሩ የሚሳብበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ሰው ተመችቶት እንዲቀመጥና እንዲነሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው 75 ሴንቲሜትር ያህል ይፈልጋል። ከኋላው ሌላ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ 90 ይሁን። ወንበር ለመሳብ መታገል ያለበት ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሶፋው ይመለሳል።

ሁለተኛው የጠረጴዛው ቅርጽ ነው። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ባለ ስድስት ወንበር ረጅም ጠረጴዛ ግን ሁሉም የራሱን ሳህን ይዞ ለሚበላ ሰው ነው የሚመቸው። ትሪው መሀል ላይ ሲቀመጥ ጫፍ ላይ ያለው ሰው እጁ አይደርስም፤ ልጅ ከሆነማ ተንጠራርቶ ነው የሚጎርሰው። ስለዚህ ለኛ ሳሎን ክብ ጠረጴዛ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ከጫፍ ጫፍ 110 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ጠረጴዛ አምስት ሰው ያስቀምጣል፤ ሁሉም ከትሪው እኩል ይርቃል። የሚያልፍ ሰው ዳሌ የሚመታ ማዕዘንም የለውም። መሀል ላይ በአንድ እግር የቆመውን ከመረጣችሁ ወንበሮቹ ያለ እንቅፋት ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ለክብም ቦታ ከሌለ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ አስጠጉና በግድግዳው በኩል አግዳሚ ወንበር አሠሩ። አግዳሚ መሳብ አይፈልግም። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ብርድ ልብስና የበዓል ዕቃ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል።

ቤተሰባችሁ በመሶብ ዙሪያ በዱካ ተቀምጦ መብላት የሚወድ ከሆነስ? የምግብ ጠረጴዛ ጨርሶ አትግዙ። ጎረቤት ስላለው ብቻ የሚገዛ ጠረጴዛ የልብስ መከመሪያ ነው የሚሆነው።

ቡና ሲፈላ ግማሹ ዕቃ ይነሳል

መንስኤው ለቡናው ከመጀመሪያው ቦታ አለመተው ነው። ረከቦቱ፣ ምድጃው፣ ቄጠማውና የምታፈላዋ ሰው ዱካ ተደማምረው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ይፈልጋሉ። ይህን ቦታ በበረንዳው በር ወይም በመስኮቱ አጠገብ ባዶ ተዉት። በሌላ ጊዜ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። በከሰል የምታፈሉ ከሆነ መስኮቱ ይከፈት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። መጋረጃውም ከምድጃው ራቅ ይበል። ምንጣፉም እዚያ ድረስ አይምጣ፤ አንዲት ፍም ትበቃዋለች።

በዓል ሲሆን መቀመጫ አይበቃም

ለበዓል ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሶፋ ማቆም አያስፈልግም። ተደራራቢ ወንበር ወይም አራት አምስት ዱካ በረንዳ ላይ ወይም አልጋ ሥር ይቀመጣል። ከጎረቤት መዋዋስም አለ።

ቀን ይጨልማል፣ ማታ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል

ቀን ብርሃን የሚሰርቀው መጋረጃው ነው። ዘንጉ በመስኮቱ ልክ ከተሰቀለ፣ መጋረጃው ሲሰበሰብም መስታወቱ ላይ ይቆማል። ዘንጉን በግራም በቀኝም 20 ሴንቲሜትር አስረዝሙት፤ ያኔ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል። ትልቅ መስታወት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወይም ጎን መስቀልም በጣም ይረዳል።

ማታ ያለው ችግር ኮርኒሱ ላይ ያለ አንድ ነጭ አምፖል ነው። ካርቶኑን አንብቡ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ከ2700 እስከ 3000 ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል። አንዱን መብራት ከምግብ ጠረጴዛው በላይ 75 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሌላውን ሶፋው ጥግ አቁሙ። እንዲህ ሲሆን የምግቡ ቦታና የሳሎኑ ቦታ በብርሃን ይለያሉ። ቡፌ መሀል ላይ አቁሞ ክፍሉን መክፈል አያስፈልግም።

ምንጣፍም እንዲሁ ሁለቱን ቦታ ይለያል። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች የሚያርፉበት ይሁን። መሀል ላይ ብቻዋን የተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን የበለጠ ታሳንሰዋለች። ምግብ ጠረጴዛው ሥር ግን ምንም አታንጥፉ፤ ሴራሚኩ በቀላሉ ይወለወላል።

ድምፅ ያስተጋባል፣ ሶፋው ወጥ ወጥ ይሸታል

ማስተጋባቱ ከሴራሚክና ከባዶ ግድግዳ ነው የሚመጣው። ወፈር ያለ ምንጣፍና ጨርቅ ይውጠዋል፤ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ጥለት ያለው ጋቢ ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ ያምራል። ሽታው የሚቀረው የሶፋው ልብስ ስለማይወልቅ ነው። ዚፕ ያለውና የሚታጠብ ልብስ አሠሩ። ቁሌት ሲቁላላ ደግሞ የኩሽናው በር ይዘጋ።

ቴሌቪዥኑ ክፍሉን ሞላው

ከሶፋው እስከ ግድግዳው ለኩ። ለ55 ኢንች ሁለት ሜትር አካባቢ፣ ለ43 ኢንች ደግሞ 1.6 ሜትር ያህል ርቀት ይመቻል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥሩ ያለው ስታንድ ቀጭን መሆን ይችላል።

የተሰቀለው መደርደሪያ ይነቀላል

ወለል ሲጠብ ወደ ላይ መጠቀም ትክክል ነው፤ ግን ግድግዳውን እወቁት። በጣት መታ መታ አድርጉት። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ሆዱ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ውስጡ ይሽከረከራል። ለባዶ ግድግዳ የሚሆን፣ ከኋላ የሚከፈተውን ዓይነት ከዕቃ መሸጫው ጠይቁ። ክፍልፋዩ አግሮስቶን የሚባለው ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ከሥዕልና ከሰዓት የከበደ ነገር አትስቀሉበት። ከባዱን መደርደሪያ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ውሰዱት፤ ካልሆነም ወለል ላይ የሚቆም አድርጋችሁ አናቱን ብቻ ከግድግዳው ጋር እሰሩት፣ በተለይ የሚንጠላጠል ልጅ ካላችሁ።