ስድብ ሳይሆን የሚያም ትችት እንዴት ይጻፋል

መንግሥትን፣ ትልቅ ተቋምን ወይ ሰው ሁሉ እንደ እውነት የተቀበለውን ሀሳብ በጽሑፍ ጠንከር አርጎ መተቸት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ ችግሩ አብዛኛው ሰው ጠንካራ ትችት ሲባል ጠንካራ ስድብ ይመስለዋል። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። በታሪክ ባለሥልጣን እንቅልፍ የነሱትን ጽሑፎች ቁጭ ብላችሁ ብታነቧቸው ኃይላቸው ስድቡ ላይ አይደለም ያለው፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ በትክክል መናገራቸው ላይ ነው፣ ንዴቱ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም አንባቢው ራሱ ቀድሞ ተናዶ ይጠብቀዋል። እንዴት እንደሚጻፍ ከነሱ ሥራ እየወሰድኩ ላሳያችሁ፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቡት። "ማህበረሰቡ ተበላሽቷል" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ማንንም አይነካም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለሌላ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር የሃይማኖት አክራሪነትን ሊመታ ሲነሳ የያዘው የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር፣ ዣን ካላስ የሚባል የቱሉዝ ነጋዴ። ሰውየው ፕሮቴስታንት ነበር፣ ልጁ ሞቶ ሲገኝ ካቶሊክ እንዳይሆንበት አባቱ ነው የገደለው ተባለና ማርች 10 ቀን 1762 በመንኮራኩር ላይ አጥንቱ ተሰባብሮ ተገደለ። ቮልቴር ወሬውን እንደሰማ ዘሎ አልጻፈም፣ እንደውም መጀመሪያ ላይ አባትየው እውነት አድርጎት ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ ነበር፣ ከቤተሰቡ ጋር ተገናኝቶ ጠይቆ ካጣራ በኋላ ነው የገባበት፣ ከገባ በኋላ ግን አልለቀቀም፣ በ1763 ስለ መቻቻል ያሳተመው መጽሐፍ ከዚሁ ጉዳይ ነው የተነሳው፣ በ1765 ደግሞ የካላስ ስም በፍርድ ነጻ ወጣ። ትልቁን ሀሳብ ማንሳት አትችሉም ማለቴ አይደለም፣ ግን በአንድ በተጣራ ጉዳይ በኩል ግቡበት፣ አንባቢው መጀመሪያ የሚያስብለት ሰው ይፈልጋል።

ቀጥሎ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ "እገሌ እንዲህ አደረገ፣ በዚህም እገሌ ተጎዳ" የምትል። ይቺን መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልደረሳችሁም፣ ተመልሳችሁ አንብቡ፣ ጠይቁ፣ ሰነድ ፈልጉ። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ ነው። አልፍሬድ ድሬይፈስ የሚባል አይሁዳዊ የፈረንሳይ ጦር መኮንን በ1894 ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ በሐሰት ተፈርዶበት የሰይጣን ደሴት ወደሚባል ቦታ ተግዞ ነበር፣ ጥፋቱን በትክክል የሠራው ኤስተርሃዚ ደግሞ በጃንዋሪ 1898 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ነጻ ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ጃንዋሪ 13 ዞላ ለፕሬዝዳንቱ ለፌሊክስ ፎር የጻፈውን ግልጽ ደብዳቤ ሎሮር የሚባል ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ አወጣ። ሰው የሚያስታውሰው "እከሳለሁ" የምትለዋን ቃል ነው፣ ግን ደብዳቤውን ብታዩት አብዛኛው ክፍል ትረካ ነው፣ ማን ምርመራውን እንደያዘ፣ የቱ ሰነድ ከየት እንደመጣ፣ ማን እያወቀ ዝም እንዳለ፣ በትዕግስት ይሄዳል ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው እከሳለሁ እያለ ጄኔራሎቹን በየስማቸው ሜርሲዬን፣ ቢዮን፣ ቧዴፍርን፣ ጎንስን፣ የእጅ ጽሑፍ ኤክስፐርቶቹን ሳይቀር እያንዳንዱን ከሠራው ሥራ ጋር የሚጠራቸው። እና ወዲያው ደግሞ እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም፣ አይቻቸውም አላውቅም፣ ቂምም ጥላቻም የለኝም ይላል። ይሄንን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ፣ ትረካው ፊት፣ ክሱ ኋላ። ገልብጣችሁ ክሱን ፊት ካመጣችሁት አንባቢው ገና ምንም ሳያውቅ እንዲፈርድላችሁ እየለመናችሁ ነው።

ማስረጃን በተመለከተ ደግሞ አሜሪካዊቷን ጥቁር ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስን የሚያክል አስተማሪ አላገኘሁም። በ1892 ሜምፊስ ውስጥ የሸቀጥ ሱቅ የነበራቸው ሦስት ጥቁር ሰዎች በመንጋ ተገደሉ፣ አንደኛው ጓደኛዋ ነበር። በጊዜው ለእንደዚህ ዓይነት ግድያ የሚሰጠው ምክንያት ሁሌ አንድ ነበር፣ ነጭ ሴት ደፍረው ነው የሚል። እሷ ሄዳ አጣራች፣ ጻፈች፣ ከተማ ውስጥ በሌለችበት ነጮች ጋዜጣዋን አወደሙት፣ ወደ ሜምፊስ ከተመለሰች እንደሚገድሏት ዛቱ። ከዛ ምን አደረገች፣ በፓምፍሌቶቿ፣ ማለትም በትናንሽ የክርክር መጽሐፎቿ ላይ ቁጥሮቹን የወሰደችው ከነጮቹ ጋዜጣ ከቺካጎ ትሪቡን ነው፣ ሆን ብላ፣ አጋነነች እንዳትባል። በነሱው ቁጥር በመንጋ ከተገደሉት ውስጥ በአስገድዶ መድፈር የተከሰሱት ራሱ ሲሶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳየች፣ ተከሰሱ ነው እንጂ ተረጋገጠባቸውም አይደለም። ስለዚ በተቻላችሁ መጠን ማስረጃችሁን ከምትተቹት ወገን ራሱ አምጡ፣ የራሱ ሪፖርት፣ የራሱ ንግግር፣ የራሱ በጀት። ከናንተ ወገን የመጣ ማስረጃ እውነት ቢሆንም ሰው ይጠራጠረዋል፣ ከራሱ ከተወሰደ ግን ማስተባበል የሚችለው ራሱን ብቻ ነው።

ሰው የማይወደው ግን በጣም አስፈላጊ የሆነው ክፍል ይሄ ነው፣ የምትተቹትን ሰው ሀሳብ እሱ ራሱ "አዎ ይሄን ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ በትክክል አስቀምጡት። የእስልምና ሊቁ አል-ገዛሊ በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የፈላስፎቹን ትምህርት በ20 ነጥብ ሲያፈርስ ዝም ብሎ አልተነሳም፣ ከዛ በፊት የፈላስፎቹን ሀሳብ ብቻ የሚያብራራ ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ ደግሞ በሚቀጥለው መቶ ዘመን ሲመልስለት የገዛሊን ጽሑፍ እየቆረጠ እየጠቀሰ፣ ከሥሩ መልሱን እያስቀመጠ ነው የሄደው፣ አንባቢው ሁለቱንም አይቶ መፍረድ ይችላል። ሌላም አለ፣ ሴልሰስ የሚባል ሰው በ2ኛው መቶ ዘመን በክርስትና ላይ ኃይለኛ ጥቃት ጽፎ ነበር፣ መጽሐፉ ጠፍቷል፣ ዛሬ ብዙውን ክፍል ልናውቀው የቻልነው ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ዘመን ሲከራከረው ቃል በቃል እየጠቀሰ ስለመለሰለት ነው። ኦሪጀን ሀሳቡን አድክሞ፣ አጣሞ፣ የሞኝ አስመስሎ ቢያቀርበው ኖሮ የራሱ መልስም ያን ያህል ክብደት አይኖረውም ነበር። ደካማ ሰው መጣል ምንም አያስመሰግንም፣ ተቃዋሚያችሁ በጣም ጎበዝ የሆነበትን ቦታ ፈልጉና እዛ ላይ ግጠሙት።

ቋንቋው ላይ ቶማስ ፔይንን እዩት። በጃንዋሪ 1776 ፊላደልፊያ ላይ ስሙን ሳይጽፍ ያወጣት ፓምፍሌት ትንሽ ናት፣ ግን በአሜሪካ ያሉት ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር እንታረቅ ከሚል ክርክር ወጥተው ነጻነት ወደሚል እንዲሄዱ ከማንም በላይ የገፋች ጽሑፍ ናት። ሰውየው ኮርሴት የሚባለውን የሴቶች ወገብ ማጥበቂያ ልብስ የሚሠራ ሰው ልጅ ነው፣ ራሱም ኮርሴት ሲሠራ ነበር፣ ቀረጥ ሰብሳቢም ሆኖ ያውቃል፣ ለተማሩት ብቻ መጻፍ አልፈለገም፣ በላቲን ጥቅስ ፋንታ ገበሬውም አናጺውም የሚያውቀውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ፣ እስራኤል ንጉሥ ሲጠይቁ ሳሙኤል ምን እንዳላቸው እያነሳ ንግሥና ከእግዚአብሔር ነው የሚለውን እምነት በራሱ በአማኙ መጽሐፍ አናጋው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፣ ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ፣ ከዛ ያ ሰው ቀድሞ ከሚያምንበት ነገር ተነሱ። እና ምሳሌያዊ አነጋገር አታብዙ። ፔይን በ1791 የፈረንሳይን አብዮት የሚያወግዝ መጽሐፍ ለጻፈው ለእንግሊዙ ፖለቲከኛ ለኤድመንድ በርክ ሲመልስ፣ በርክ ለፈረንሳይ ንግሥት እያለቀሰ የተራበውን ሕዝብ ዘሎት ስለነበር፣ ለላባው አዘነ፣ የምትሞተዋን ወፍ ግን ረሳት አለው። ያቺ አንድ መስመር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖራለች። በየአንቀጹ እንደዛ ዓይነት ነገር ደርድሮ ቢሆን ኖሮ አንዷንም አናስታውስም ነበር።

ስላቅ ልትሞክሩ የምታስቡ ካላችሁ ቆም በሉ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዳንኤል ዲፎ በ1702 ከእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ውጪ ያሉ ፕሮቴስታንቶችን የሚጠላ አክራሪ መስሎ ይጥፉ የሚል ጽሑፍ አወጣ፣ ሐሳቡ የአክራሪዎቹን ክፋት ማሳየት ነበር፣ ግን እውነቱን ነው ብለው ተቀበሉት፣ የምር የደገፉትም ነበሩ፣ የጻፈው እሱ መሆኑ ሲታወቅ ታሰረ፣ ተቀጣ፣ በ1703 ለሦስት ቀን አደባባይ ላይ አንገቱና እጁ በእንጨት ተቀርቅሮ ቆመ። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ስዊፍት በ1729 የአየርላንድ ድሆች ልጆቻቸውን ለሀብታም ምግብ ይሽጡ ብሎ ሲጽፍ የተሳካለት ሐሳቡ ማንም ሊሳሳትበት የማይችል ስለሆነ ነው፣ በዛ ላይ ጽሑፉ ውስጥ እውነተኞቹን መፍትሔዎች፣ ከአገር ውጪ በሚኖሩ ባለመሬቶች ላይ ግብር መጣልን የመሳሰሉትን፣ እነዚህን አታንሱብኝ እያለ አንድ በአንድ ዘርዝሯቸዋል። እኔ የምመክረው በቀጥታ መጻፍ ነው፣ በተለይ ጽሑፋችሁ ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ሊዞር የሚችል ከሆነ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ማርቲን ሉተር ብዕሩ በጣም ስለታም ሰው ነበር፣ በ1517 የይቅርታ ወረቀት ሽያጭን ሲተች ድርጊትን ነው የተቸው፣ ገንዘብ ተቀብሎ ሰማይ ቤት መሸጥን፣ ማንም ሰው ያንን ድርጊት ማቆም ይችላል። በ1525 ግን የጀርመን ገበሬዎች ሲያምፁ፣ መጀመሪያ ላይ መኳንንቱን የወቀሰው ያው ሰው ዞሮ ገበሬዎቹን ውጉ፣ ምቱ፣ ግደሉ የሚል ፓምፍሌት ጻፈ፣ ጽሑፉ ሲዘዋወር ገበሬዎቹ እየተጨፈጨፉ ነበር፣ ወዳጆቹ ራሱ ደነገጡ፣ እሱ ግን ማስተባበያ ጻፈ እንጂ አልተመለሰም። በ1543 ደግሞ አይሁዶች ላይ ጻፈ፣ ምኩራባቸው ይቃጠል፣ ቤታቸው ይፍረስ፣ የጸሎት መጽሐፋቸው ይወሰድ እያለ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ናዚዎች ያንን ጽሑፍ እየጠቀሱ ተጠቀሙበት፣ የናዚ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ዩሊየስ ሽትራይከር ኑረምበርግ ፍርድ ቤት ላይ በ1946 ሲጠየቅ ሉተርን ጠቅሶ ነው ራሱን ሊከላከል የሞከረው። ያው ብዕር፣ ያው ችሎታ። ስለዚ ከማውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን አንቀጽ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፣ የምተቸው ሰው ይሄን ድርጊት ነገ ቢያቆም ትችቴ ያበቃል ወይ? ያበቃል ካላችሁ ድርጊት ነው የተቻችሁት፣ ይሁን። አያበቃም፣ ሰውየው የተወለደበት ወገን ወይ ሃይማኖቱ ራሱ ነው ጥፋቱ የሚል ከሆነ ያንን አንቀጽ አጥፉት፣ ለስለስ ማድረግ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። የጽሑፉን ጉልበት ይቀንሰዋል ብላችሁ አትስጉ፣ ቢቀንሰው እንኳን መቀነስ አለበት።

አቅጣጫውንም እዩ። ኃይለኛ ቃል የሚመጥነው ሥልጣን ላለው ነው፣ መልስ መስጫ ጋዜጣም ወታደርም ላለው። ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ የሚጻፍ ኃይለኛ ትችት ድፍረት አይደለም።

አደጋውን ደግሞ አስቀድማችሁ አስሉት። የጥንቷ ሮም ፖለቲከኛ ሲሴሮ በተቀናቃኙ በማርክ አንቶኒ ላይ 14 ንግግሮች አዘጋጅቶ ነበር፣ ሁለተኛውንና በጣም መራራውን በአደባባይ አላሰማውም፣ በጽሑፍ ነው የተሰራጨው፣ በ43 ዓመተ ዓለም አንቶኒ ከሌሎች ጋር ሥልጣን ሲካፈል አስገደለው፣ የተቆረጠው ጭንቅላቱና የጻፈበት እጁ ሮም መድረክ ላይ ተሰቀለ። ፔይን በ1792 በሌለበት ተፈርዶበታል። ዞላ የ1881ዱን የፕሬስ ሕግ አንቀጽ 30 እና 31 በደብዳቤው ውስጥ ራሱ ጠቅሶ በዚህ እንደምከሰስ አውቃለሁ ብሎ ነው የገባበት፣ አንድ ዓመት እስርና 3000 ፍራንክ ተፈረደበትና ወደ እንግሊዝ ሸሸ፣ ድሬይፈስ ሙሉ በሙሉ ነጻ የተባለው በ1906 ነው፣ ዞላ ግን ከአራት ዓመት በፊት ሞቷል። የምትኖሩበት አገር የስም ማጥፋት ሕግ ምን እንደሚል አንብቡ፣ የጻፋችሁትን ለሁለት ክፈሉት፣ ይሄ በሰነድ የማረጋግጠው ነው፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው ብላችሁ፣ አንባቢውም ልዩነቱን ማየት አለበት። መረጃ የሰጣችሁን ሰው ስም፣ የሥራ ቦታውን፣ እሱ ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ዝርዝር ሁሉ ከጽሑፉ ሰርዙ። ራሳችሁን ለአደጋ ማጋለጥ የናንተ ውሳኔ ነው፣ ሌላውን ማጋለጥ ግን አይደለም። በስም ላውጣው ወይስ ያለ ስም የሚለው እንደ ሁኔታው ነው፣ እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1790 ለበርክ የመለሰችው የሱ መጽሐፍ በወጣ በአንድ ወር ውስጥ ነው፣ መጀመሪያ ያለ ስም፣ ሁለተኛው እትም ላይ ግን ስሟን አደረገችበት።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ከዛ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። "አሳፋሪ"፣ "አረመኔ"፣ "ከሃዲ" የሚሉ ቃላት ያሉበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ሞክሩት፣ ድርጊቱ ራሱ በደንብ ከተተረከ ቃሉ ሳይኖርም አንባቢው እዛ ይደርሳል፣ ካልደረሰ የጎደለው ትረካው ነው። ከዛ ከናንተ ጋር ለማይስማማ አንድ ሰው ስጡት፣ እና ሐሳቡን ሳይሆን ፋክቱን ብቻ እንዲፈትሽ ጠይቁት፣ የቱ ጋ ነው ተሳስቷል ብለህ የምትይዘኝ በሉት።

ከወጣ በኋላ መልስ ይመጣል። ስለናንተ ማንነት ለሚነገረው መልስ አትስጡ፣ ስለተጻፈው ፋክት ለሚነገረው ግን ሁሌ ስጡ፣ ስህተት ከተገኘባችሁ እዛው ጽሑፉ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አርሙት፣ ምን እንደነበረና ወደ ምን እንደተቀየረ እንዲታይ አድርጉ፣ አዲስ ማስረጃ ካልመጣ በስተቀር ደግሞ ለሦስተኛ ዙር አትመለሱ፣ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይ ሂዱ።