ሾክ ከመቀየራችሁ በፊት

ጎንደር ላይ ትልቅ ሞተር ለምትነዱ፣ በተለይ ሰውና ሻንጣ ጭናችሁ ደባርቅ ለምትወጡ። ለአዲስ ሾክ (የመንገዱን ንጠት ለሚውጠው የኋላ እቃ) ኪሳችሁን ከማራገፋችሁ በፊት ጎማውን እዩት። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢላችሁም ቁጥሩን አንብቡ። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይደርቃል፤ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ደህና አድርጎ አይዝም።

ቀጥሎ የሾኩን ሞላ፣ ማለትም ስፕሪንጉን፣ እዩ። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ እያለ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ኮርቻው ስር ለኩ። ከዚያ ጭነታችሁን እንደያዛችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ከሆነ ለአስፋልት ጥሩ ነው። በጣም ከወረደ የሞላውን ማስተካከያ አጥብቁ፤ ገንዘብ አያስወጣም። እስከ መጨረሻው ጠብቆም ካልተስተካከለ፣ ያኔ ጠንከር ያለ ሞላ ግዙ። ሙሉ ሾክ መግዛት የሚያስፈልገው ዘይት ካፈሰሰ ወይም ጉድጓድ ካለፋችሁ በኋላ ሞተሩ መዝለሉን ካላቆመ ነው።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ልኬቱ ከፍ ቢል አታስተንፍሱት።