«ኦኬ ኮምፒውተር»ን ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የሬዲዮሄድን አልበም «ኦኬ ኮምፒውተር»ን ለስንት ሰው እንዳሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንዳንዱ ከእኔ ብሶ ወዶታል። አንዳንዱ ደግሞ ገና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ኤርፎኑን አውልቆ መልሶልኛል። ከእነዚህኞቹ ጋር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስናወራ ሁሌም የሚገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አልበሙን በጥድፊያ ነው የሰሙት። ይሄ ደግሞ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በጥድፊያ ቢሰማ ምንም የማይሰጥ አልበም ካለ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ክሪፕ»ን ፍለጋ መግባት ነው። እኛ ሰፈር ሬዲዮሄድ ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ «አሃ፣ ክሪፕ!» ነው። እሱ የ1992 ዘፈን ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። «ኦኬ ኮምፒውተር» ሦስተኛ አልበማቸው ነው፣ የወጣው በ1997። በመሃል ባንዱ ሌላ ባንድ ሆኗል። ክሪፕን ስትጠብቁ «ፓራኖይድ አንድሮይድ» ይመጣባችኋል፤ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ ብዙ ዘፈን ተሰፍቶ አንድ የሆነ የሚመስል፣ አዝማች ብላችሁ የምትይዙት የሌለው። ግራ ትጋባላችሁ። ስለዚህ ክሪፕን ለአንድ ሰዓት እርሱት።

ሹፍልንም፣ ዘፈኖቹን እያደበላለቀ የሚያጫውተውን፣ አጥፉት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አልበሙ 12 ትራክ ነው፣ 53 ደቂቃ ይፈጃል፣ እና አሰላለፉ ራሱ ሥራ ነው። አራተኛውን «ኤግዚት ሚዩዚክ»ን ውሰዱ። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይጀምራል፣ ጆሮ ላይ ሹክ እንደማለት። ከግማሽ ካለፈ በኋላ ከበሮው ይገባል፣ ቤዙ እያጉረመረመ ይከተላል፣ ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ እስኪመስል ድረስ ይከብድና መልሶ ይጠፋል። ወዲያው «ሌት ዳውን» ይመጣል። ጊታሮቹ እንደ ክረምት ማለቂያ ፀሐይ ይበራሉ። ያ ብርሃን የሚሰማችሁ ከዚያ ክብደት ስትወጡ ነው። «ሌት ዳውን»ን ለብቻው ብሰማው ቆንጆ ዘፈን ነው፤ በቦታው ስሰማው ግን ስንት ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞልቷል።

በስልክ ስፒከር መስማት ሦስተኛው ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ነው። የመጀመሪያውን «ኤርባግ»ን በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ቤዙን አልሰማችሁትም፤ ኮሊን ግሪንውድ እየተጫወተ ድንገት ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ እና ዝም ያለበት ቦታ ራሱ ዜማ ነው። ከበሮውም ፊል ሰልዌይ ከመታው ላይ ጥቂት ሰከንድ ተቆርጦ፣ በኮምፒውተር ተሠርቶ የሚደጋገም ነው። ሌላም አለ። አብዛኛውን የቀረጹት እንግሊዝ ውስጥ ባዝ ከተማ አጠገብ ባለ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ነው፤ ስቱዲዮ አልነበረም። «ኤግዚት ሚዩዚክ» ላይ ቶም ዮርክ የዘፈነው በድንጋዩ ደረጃ ላይ ነው፤ «ሌት ዳውን» የተቀዳው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭፈራ አዳራሹ ነው። ድንጋዩም ባዶው አዳራሽም ይሰማል። ውድ ማዳመጫ ግዙ አልልም። ሁለቱም ጆሮው የሚሠራ ተራ ኤርፎን ይበቃል። ታክሲ ውስጥ ግን ተዉት፣ ወያላው፣ ሬዲዮኑና ጥሩምባው ተደምረው ግማሹን ይበሉታል።

እኔ የምሰማው በእግሬ ነው። እሁድ ጠዋት ከአራት ኪሎ እነሳለሁ፣ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቸርችልን ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ትግላችን ሐውልትን፣ ፖስታ ቤትን፣ ብሔራዊ ቴአትርን አልፌ ለገሀር አንበሳው ጋ እደርሳለሁ። ሳልቸኩል ስሄድ አልበሙና መንገዱ አብረው ያልቃሉ ማለት ይቻላል። መንገድ ስትሻገሩ ብቻ አንዱን ጆሮ አውልቁ።

ሌላው ስህተት ቃሉን ማሳደድ ነው። ይሄ የእኛ ነው፣ የሐበሻ። ግጥም እየሰማን ነው ያደግነው፣ ዘፈን ሲከፈት ጆሯችን መጀመሪያ ስንኙ ላይ ይቆማል፣ ሰሙን ሰምተን ወርቁን ፍለጋ እንገባለን። ዮርክ ደግሞ ቃሉን ያላምጠዋል፣ ይጎትተዋል፣ አንዳንዴ ይውጠዋል። ጓደኛዬ ግጥሙን ስልኩ ላይ ከፍቶ እያነበበ ሰማውና «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እያለ ሳይሰማው አለቀ። አማርኛ የማይችል ሰው ትዝታ ሰምቶ ጭንቅላቱን ደፍቶ ዝም ሲል አይቻለሁ። እንደዚያ ስሙት መጀመሪያ። ግጥሙ የትም አይሄድም፣ በሦስተኛው ጊዜ አንብቡት።

ሰባተኛዋን መዝለልም ስህተት ነው። «ፊተር ሃፒየር» ሁለት ደቂቃ አትሞላም። ዘፈን አይደለችም፤ የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ድምፅ የጥሩ ኑሮ መመሪያ ዓይነት ዝርዝር ያነባል፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራ። ሁሉም ሰው ይዘላታል፣ እኔም ለዓመታት ዘልያታለሁ። አሁን የአልበሙ ወገብ እሷ ትመስለኛለች። ዙሪያዋ ያሉት ዘፈኖች ሁሉ እንዲያ በዝርዝር መኖር ያቃተው ሰው ድምፅ ናቸው።

ስሙን አይቶ ስለ ኮምፒውተር ነው ማለት? አይደለም። ከኮምፒውተር ይልቅ መኪና፣ አውሮፕላንና ጉዞ ነው የሞላበት፣ ፍጥነት።

«ድብርት ነው» የሚሉት ደግሞ በጣም ያሳዝኑኛል። አልበሙ የሚጀምረው ከመኪና አደጋ በተረፈ ሰው ደስታ ነው። «ላኪ» የሚባለው ዘፈን በ1995 በቦስኒያ ጦርነት ለተጎዱ ልጆች መርጃ በተሠራ አልበም ላይ ነው መጀመሪያ የወጣው፣ እሱም ከአደጋ ስለተረፈ ሰው ነው። «ኖ ሰርፕራይዝስ» ላይ ያለችው እንደ ሕፃን መጫወቻ የምትጮህ ደወል መሰል መሣሪያ እሹሩሩ ትመስላለች። ኀዘን አለበት፣ አዎ። ትዝታም ኀዘን አለበት፣ ማን ነው ትዝታን ድብርት ብሎ የሚዘጋው?

የመጨረሻው ስህተት ሲያልቅ አለመተው ነው። በ2017 በሃያኛ ዓመቱ የወጣው እትም 23 ትራክ አለው፣ ከ12ቱ ቀጥሎ ሌሎች ይመጣሉ። ግሩም ናቸው፣ በተለይ «ሊፍት»። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙ 12ኛው ላይ አቁሙ። «ዘ ቱሪስት» ይባላል፣ ዜማው የጊታሪስቱ የጆኒ ግሪንውድ ነው። ግጥሙ የመጣው ዮርክ ፈረንሳይ ውስጥ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማየት የሚጣደፉ ቱሪስቶችን አይቶ ነው። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከዚያ አንዲት ደወል ትመታለች። ቲን። ያቺን ደወል እኔ ለገሀር ነው የምሰማት፣ ታክሲ ሰልፉ አጠገብ። ወያላዎቹ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ይጠራሉ፣ እኔ ኤርፎኑን ሳላወልቅ ትንሽ እቆማለሁ፣ ከዚያ ነው የምሰለፈው።